ልጆቻችሁን አገር አቅምሷቸው

(ከመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት በፊት በአዲስ አበባ በተካሄደ የወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ መምህራን፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ። ይህን ሁሉ ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

አስተባባሪዎቹ ሲጋብዙኝ “ልጆቹ ለዕረፍት ሊለቀቁ ነው፤ ከቤተሰብ ጋር ስለሚደረግ አጭር ጉዞ ይንገሩን” አሉኝ። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የምግብ ዝግጅት በማስተማር ነው። ስለ ሆቴሉና ስለ መዋኛው ሌላ ሰው ይንገራችሁ፤ እኔ ስለ ገበታው ልንገራችሁ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጆቻችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ስንወጣ ምን እንበላለን? ቡታጅራ ደርሰን ምን እናዛለን? ጥብስ። ዝዋይ ደርሰንስ? ጥብስ። ሐዋሳስ? ለእኛ ጥብስ፣ ለልጆቹ ፓስታ። እውነት አይደለም? እየሳቃችሁ ነው፤ እውነት ስለሆነ ነው። ጥብስን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ ስንት ተማሪ ጥብስ እንዲያበስል አስተምሬያለሁ። ነገር ግን ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ሰፈር ውስጥ የሚበላውን በልቶ የተመለሰ ልጅ ምን አየ ይባላል? ሐይቁን አይቷል፣ እሺ። የሐይቁን ዳር ሰው ግን አላወቀውም።

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ ለምን፣ ሁለተኛ የት፣ ሦስተኛ በምን ጥንቃቄ። ሁለተኛው ይረዝማል፤ እባካችሁ ታገሡኝ።

ለምን ከሚለው ልጀምር።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። በገብስ ያደገች፣ በገብስ ቆሎ፣ በአሹቅና በበሶ የምታምን ሴት። ትዳር ይዛ አዲስ አበባ ስትመጣ የተከራየችው ቤት ግድግዳው ከጉራጌ ጎረቤታችን ጋር የጋራ ነበር። መስቀል ሲደርስ ከዚያኛው ቤት ጣባ ይመጣልናል። በኮባ ቅጠል የተሸፈነ፣ ገና ለብ ያለ ክትፎ፣ ከጎኑ አይብና ጎመን፣ በሌላ ሰሃን ቆጮ። እኛ ልጆች የምንጣላው ለክትፎው መስሏችኋል? ለቆጮው ዳር ነበር። ዳሩ ምጣድ ላይ ትንሽ ጠየም ይልና ይንኮሻኮሻል። ጣባው ደግሞ ባዶውን አይመለስም። እናቴ በበኩሏ ለፋሲካ ድፎ ዳቦዋን ቆርሳ ትልካለች፤ የጎረቤታችን ልጆችም ለድፎው ይጣላሉ።

ያን ጊዜ አንድ ልጅ ከግቢው ሳይወጣ ስንት አገር ይቀምስ ነበር? የወሎውን፣ የጎጃሙን፣ የወለጋውን፣ የሐረሩን። ማንም “ዛሬ ስለ ጉራጌ ባህል እንማራለን” ብሎን አያውቅም። ሳህን ተቀብለን፣ በልተን፣ ሳህን መልሰን አወቅነው።

አሁንስ? አሁን አፓርታማ ውስጥ ነን። በራችን ብረት ነው። ከፊት ለፊታችን ማን እንደሚኖር ስንቶቻችን እናውቃለን? ከደጅ የሚመጣልን ምግብ በሞተር ብስክሌት የሚመጣው በርገር ነው። ልጆቻችን ጎበዞች ናቸው፤ ክልሎቹን በስም ይጠሩላችኋል፣ ዋና ከተሞቹን ይደረድሩላችኋል። አንዱንም ግን አልቀመሱም። እኛ በጎረቤት ጣባ ያገኘነውን እነሱ የሚያገኙበት መንገድ ከጠፋ፣ መኪና አስነስተን እኛው መውሰድ አለብን። የምለው ይህንኑ ነው። የሦስት ቀን ጉዞ ለዚህ ይበቃል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። የት?

ብዙዎቻችን ደቡብ ስንሄድ በአዳማው ፈጣን መንገድ ወጥተን በሞጆ ታጥፈን እንበራለን። የአዲስ አበባ አዳማው ፈጣን መንገድ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ሲከፈት እኔም ደስ ብሎኛል፤ ጊዜ ቆጥቦልናል። ፈጣን መንገድ ግን በአጥር ነው የሚሄደው። ቆሎ የምትሸጥ ሴት አታገኙበትም፣ ሐብሐብ የደረደረ ገበሬ አታገኙበትም። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ስትሄዱ በአሮጌው መንገድ ሂዱ፣ ስትመለሱ ልጆቹ ደክሟቸዋልና በፈጣኑ ግቡ።

እኔ የምወደው ዙሩን ነው። በዓለም ገና ወጥቶ ቡታጅራ፣ ከቡታጅራ በኮሼ ተሻግሮ ዝዋይ፣ ከዝዋይ ሐዋሳ፣ መልሱን በመቂ። አንድ ሌሊት ዝዋይ፣ አንድ ሌሊት ሐዋሳ። መንገዱ አስፋልት ነው፣ በቤት መኪናም ይኬዳል፣ በሕዝብ ማመላለሻም ይኬዳል። መኪና የለንም የምትሉ እንዳትተዉት።

ቡታጅራ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሡ። ቤት ውስጥ ቁርስ አታብዙ፤ ሻይና ዳቦ ይበቃል። መልካ አዋሽ ላይ አዋሽን ትሻገራላችሁ። ጢያ ስትደርሱ ወርዳችሁ 36ቱን ትክል ድንጋዮች ለልጆቹ አሳዩ፤ ዩኔስኮ የመዘገበው ቦታ ነው፣ ከመንገዱም ብዙ አይርቅም። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ስልካቸውን አስቀምጠው በመስኮት ይመልከቱ። በየጓሮው እንሰት መታየት ይጀምራል። “ሙዝ! ሙዝ!” ይላሉ። አይፈረድባቸውም፤ ይመሳሰላል። መኪናዋን ዳር አስይዙና ንገሯቸው። ይህ ተክል ለፍሬው የሚተከል አይደለም፤ የምንበላው ግንዱንና ሥሩን ነው። ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። እናቶች ግንዱን አጋድመው በቀርከሃ ይፍቁታል፣ ሥሩን ይከተክታሉ፣ የተፋቀውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ያብላሉታል። እዚያ ወራት ይቆያል፤ ቆጮ የሚሆነው ይህ ነው። ተጨምቆ የሚወርደው ውኃ ሲጠል ከሥር የሚዘቅጠው ነጩ ነገር ቡላ ነው፤ ገንፎ ይሆናል። ጭረቱ ደግሞ ቃጫ ነው፣ ገመድ ይገመድበታል። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእንሰት ይኖራል። ይህን ለአንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ብትነግሩት እስኪፈተን ያስታውሰዋል። እንሰቱ ሥር ቆሞ ከሰማው፣ ከዚያም ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ትኩስ ቆጮ አፉ ውስጥ ከገባ፣ መቼም አይረሳውም።

ቡታጅራ ላይ ክትፎ ቤት ስትመርጡ በመስታወቱ ብዛት አትምረጡ። የጭነት መኪና ሹፌሮች የት ቆመዋል? የአገሩ ሰው ልጁን ይዞ የገባው የት ነው? እዚያ ግቡ። ከገባችሁ ደግሞ ዝርዝር ወረቀት አትጠይቁ፤ “ዛሬ ምን ጥሩ አላችሁ?” በሉ። ይህቺን ጥያቄ ያዙልኝ። “ዛሬ ምን ጥሩ አላችሁ?” የምታበስለው ሴት ዛሬ ያመነችበትን ታውቃለች። ቅቤው የመቼ እንደሆነ፣ ሥጋው ስንት ሰዓት እንደገባ፣ ቆጮው በደንብ መብላላቱን ታውቃለች። ወረቀቱ አያውቅም።

ከቻላችሁ ደግሞ አስፈቅዳችሁ ጓዳውን እዩ። ትንሹ ልጄ ያኔ ምግብ የሚመርጥ ልጅ ነበር። ከፓስታና ከድንች ጥብስ ሌላ አፉን የማይከፍት። ቡታጅራ የገባንበት ቤት ባለቤትየዋ በዕድሜ ጠና ያሉ እናት ነበሩ። ልጁ በጓዳው በር ቆሞ ሲያይ “ና ግባ፣ የኔ ጌታ” አሉት። መክተፊያው ላይ ተጨምቆ የደረቀ ቆጮ አለ። እሳቸው በትልቅ ቢላ ይከትፉታል፣ ሰብስበው ያገላብጡታል፣ እንደገና ይከትፉታል።

“እትዬ፣ ዱቄት አይደለም እንዴ? ለምን ይከትፉታል?” አላቸው።

“ጭረት አለው፣ ልጄ። እንዳያንቅህ ነው” አሉት። አንድ ቆንጥረው መዳፉ ላይ አድርገው ቀጭኑን ክር እያወጡ አሳዩት። ከዚያ ምጣዱ ላይ ኮባ ዘረጉ፣ ቆጮውን በስሱ አሰፉት፣ ከላይ ኮባ ደረቡበት። ሲበስል ቅጠሉ ይጠቁርና የራሱ የሆነ ሽታ ያወጣል፤ የጭስም፣ የሣርም። ገልብጠው፣ አውጥተው፣ ቆርጠው የመጀመሪያውን ቁራጭ ለእሱ ሰጡት። ያ ምግብ የሚመርጥ ልጅ ቆጮውን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ “ለእኔ ነው የተጋገረው” እያለ ለእህቶቹ አላካፍልም አለ። በልመናም አልነበረም፣ በቁጣም አልነበረም። ሲሠራ ስላየው ነው። ወላጆች፣ “ልጄ አይበላም” ለምትሉኝ ሁሉ መልሴ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ሲሠራ ይየው።

ለልጆች ክትፎው የበሰለ ይሁን፤ ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ። ሚጥሚጣው ለብቻው ይቅረብ በሉ። ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ አትዘዙ። አንድ ክትፎ፣ አንድ ጎመን ክትፎ፣ አይብ፣ ቆጮ፤ መሀል ላይ አድርጉና ተጎራረሱ። ካነሰ ይጨመራል። የተረፈ ክትፎ ትቶ መነሣት ነውር ነው፣ ለሠሩትም ስድብ ነው።

ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ ስትሻገሩ ማረቆን ታልፋላችሁ። ኮሼ ላይ እባካችሁ ቁሙ። የማረቆ በርበሬ የሚባለው፣ እናቶቻችን መርካቶ ሄደው “የማረቆ ነው?” ብለው የሚጠይቁት፣ ከዚህ ነው የሚመጣው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በመከሩ ሰሞን ከሄዳችሁ ሜዳው ላይ ተሰጥቶ ታገኙታላችሁ፤ ቀዩ ምንጣፍ ከሩቅ ይታያል። ዛላውን አንሡና ነቅንቁት፤ ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ ደርቋል ማለት ነው። ግንዱ ጋ ሻጋታ እንዳይኖረው ፈትሹ። ለቤታችሁ የዓመቱን በርበሬ እዚያ ብትገዙ ለገበሬውም ይሻለዋል፣ ለወጣችሁም ይሻለዋል። ልጆቹም ቀዩ ወጥ የሚቀላው በምን እንደሆነ ያያሉ።

ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ የምንላት ከተማ። እዚህ ዓሣ ነው። ሐይቁ 5 ደሴቶች አሉት፤ ከነሱ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። የዘይ ሕዝብ ለዘመናት ደሴቶቹ ላይ ኖሯል፤ ዓሣ ማጥመድንም ሐይቁን በታንኳ መቅዘፍንም ያውቅበታል።

ስለ ዓሣ ከቤተሰቤ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የወንድሜ ባለቤት ሙስሊም ናት። እኛ ክርስቲያኖች ነን። አብረን ስንጓዝ ሥጋ ያለበት ቦታ ሁሉ ገበታችን ለሁለት ይከፈላል፤ የእኛ ሥጋ ቤት እዚህ፣ የነሱ እዚያ። ተከባብረን ነው፣ ቅሬታ የለንም፣ ቡታጅራም ላይ ለሁለታችንም የሚሆን ቤት ሞልቷል። ልጆቹ ግን ይጠይቃሉ፤ “ለምን ከአክስቴ ጋር አልበላም?” ይላሉ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ስንደርስ ያ ሁሉ ይቀራል። ዓሣ አይታረድም፤ የማን ሥጋ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንድ ትልቅ ሰሃን መሀል ይቀመጣል፣ ዐሥር እጅ ይዘረጋበታል። ወንድሜ የሚስቱን እሾህ ይለቅማል፣ እሷ የእኔን ልጆች ታጎርሳለች። ያን ሰዓት ሐይቁን ዞሬ አላየውም፤ ገበታውን ነው የማየው። እናንተም እንዲህ ያለ ቤተሰብ ካላችሁ፣ በአገራችን ደግሞ የሌለው የለም፣ ጉዟችሁን ወደ ሐይቅ አድርጉት።

የምታዙት ቆሮሶ ነው። ሙሉውን፣ ጎኑ በቢላ ተሰነጣጥቆ የተጠበሰው። ስንጥቁ ጨውና ሎሚ ያስገባል፣ ዘይቱም እስከ አጥንቱ ያበስለዋል። ጥሩ ሆኖ የተጠበሰ ቆሮሶ ቆዳው ሲነካ ይሰበራል፣ ውስጡ ነጭና እርጥብ ነው። ዳጣ ወይም አዋዜ፣ ዳቦ፣ ሎሚ። ልጆች እሾህ ይፈራሉ፤ ስለዚህ አስተምሯቸው። መጀመሪያ የጀርባውን ክንፍ ነቅለው ያውጡ፤ ከሱ ጋር ብዙ እሾህ አብሮ ይወጣል። ከዚያ ከጀርባ ወደ ሆድ ሥጋውን በጣት መግፋት ነው። መሀሉ አጥንት ሲገለጥ ዓሣውን ሳይገለብጡ አጥንቱን ከጭራው ይዞ ማንሣት ይቻላል። ለሕፃናት አምባዛ ይሻላል፣ ደቃቅ እሾህ ብዙ የለውም። አምባዛ ቅርፊት የሌለው ስለሆነ በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት አሉ፤ አብሯችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ።

ትኩስ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ዓይኑ የጠራ ይሁን፤ ስንጥቡ ሲገለጥ ቀይ ይሁን፤ ሥጋውን ስትጫኑት ይመለስ። እና አንድ ልመና አለኝ፣ ይህን በጣም ከልቤ ነው የምለው፤ መዳፍ የማታህለውን ትንሽ ዓሣ አትግዙ። ርካሽ ናት ብላችሁ አትግዙ። ገና ያልወለደች ናት። ዝዋይም ሐዋሳም ዓሣው እየቀነሰ፣ የመረቡም ዓይን እየጠበበ ነው። ገዢ ካጣች ትንሿ ዓሣ መረብ ውስጥ የምትገባበት ምክንያት አይኖርም። የኛ ልጆች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው እዚህ ዳር እንዲቀመጡ የምንፈልግ ከሆነ፣ ከሳህናችን መጀመር አለብን።

ሐዋሳ። እዚህ ጠዋት ነው የሚያምረው። ጀልባዎቹ ሲገቡ አሞራ ገደል ሂዱ። ልጆቹን ከአልጋ ስታነሡ ያኮርፋሉ፤ አባ ኮዳዎቹን ሲያዩ ኩርፊያው ይጠፋል። ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ከልጁ ቁመት እኩል ሆኖ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቅ! ወጣቶቹ መረቡን ያራግፋሉ፣ ዓሣውን ይፍቃሉ፣ ይበልታሉ፤ እጃቸው ፍጥነቱ ለእኔ ለባለሙያዋም ይገርመኛል። እዚያው ትኩስ የዓሣ ሾርባ አለ። ቃሪያ ጣል የተደረገበት፣ ሎሚ የተጨመቀበት። በጠዋቱ ብርድ ጨብጣችሁት ጠጡት።

ከዓሣው ግን አታቁሙ። የሲዳማ እናቶች ምግብ አለ፤ ቡርሳሜ። ሐዋሳ ደጋግሞ ሄዶ ቡርሳሜ ያልቀመሰ ሰው ስንት ነው? እጅ አውጡ እስቲ። ይኸው፣ ከግማሽ በላይ ነን።

ቡርሳሜ ከእንሰቱ የሚወጣው ዋሳ በቅቤ ተለውሶ የሚሠራ ነው፤ ከወተት ጋር ይበላል። የሚቀርበው ሻፌታ በሚባል የሸክላ ዕቃ ነው፤ ሁሉም ከበው ከአንዱ ይበላሉ። የፊቼ ጨምበላላን በዓል ሰምታችኋል፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፣ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ውስጥ መዝግቦታል። ሽማግሌዎቹ ስለ በዓሉ አመጣጥ ሲናገሩ ፊቼ የምትባል ሴት ነበረች ይላሉ። ከተዳረች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿን ለመጠየቅ ትሄዳለች፤ ስትሄድ ቡርሳሜ ሠርታ ይዛ ነው፣ ያም ለጎረቤት ሁሉ ይዳረሳል። አያችሁ? አንድ ትልቅ በዓል የሚታወሰው ምግብ ይዛ ቤተሰቧን ልትጠይቅ መንገድ በወጣች ሴት ነው። እኔ ይህን ታሪክ ለልጆቼ የነገርኳቸው ሻፌታው መሀላችን ተቀምጦ ነው። ትልቋ ልጄ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ “እማዬ፣ የእኛ ጎረቤቶችስ ማን ናቸው?” አለችኝ። አዲስ አበባ እንደገባን በርበሬ ከፍላ፣ ከሐዋሳ ካመጣነው አቮካዶ ጨምራ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሃን ይመላለሳል።

መልሱን በመቂ አድርጉ። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ፓፓያው መንገድ ዳር ነው። ቆቃ አካባቢ ሐብሐብ ታገኛላችሁ። ሞጆ ላይ ፈጣኑን መንገድ ያዙና ልጆቹ ይተኙ።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ነው። በአጭሩ እላለሁ፤ ግን ቀላል ነገር አይደለም።

ጥሬ ነገር ለልጅ አትስጡ። ክትፎው የበሰለ ይሁን፣ ለብለብም አይሁን። ጥሬ የከብት ሥጋ ኮሶ ያመጣል፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ጉዞ ላይ ግን “ለዛሬ ብቻ” እንላለን። ጥሬ ዓሣ በዳጣ ሐዋሳ ላይ ይቀርብላችኋል፤ እሱም ለልጅ አይሆንም። ወተት የፈላ መሆኑን ጠይቁ፤ ብታፍሩም ጠይቁ። ውኃ የታሸገ። ሳሙና ከቤት ያዙ፤ እጅ መታጠቢያ ሁሉ ቦታ አለ፣ ሳሙና ግን ሁሉ ቦታ የለም።

የጾም ነገር። ዕረፍቱ አንዳንድ ዓመት ከነነዌ ጋር ይገጥማል፣ ረቡዕና ዓርብም አለ። የምትጾሙ ከሆነ ክትፎውን የሚበላበት ቀን ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ጉዞውን አስሉ፤ ቡታጅራ ዓርብ ደርሶ ማዘን አያስፈልግም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እኔ አልፈርድም፣ ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። በጾም ቀንም ቢሆን የአገሩን መብላት ይቻላል፤ ቆጮ በዘይት ከተሠራ ጎመን ጋር እጅግ ይጣፍጣል፣ የሐዋሳ አቮካዶና ማንጎ ጭማቂ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቋችኋል።

ዋጋ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም፣ በልቶ መጨቃጨቅ ነው ነውሩ። ስትነሡ ደግሞ ልጆቹን ወደ ጓዳው ላኳቸው። ያበሰለችውን ሴት “እጅዎን ይባርክ፣ እትዬ” ብለው አመስግነው ይምጡ። አስተናጋጁ ምስጋናም ጉርሻም ያገኛል፤ ጭስ ውስጥ የቆመችው ግን ብዙ ጊዜ ማን እንደበላላትም አታውቅም።

እኔ የነገርኳችሁ አንዱን ዙር ነው። ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ሸኖ ለቅቤው አለ፤ ወልቂጤም በወሊሶ ሲኬድ ሌላ የክትፎ መንገድ ነው። ለእናንተ የሚቀርበውን ምረጡ። ከእናንተ መካከል የቡታጅራ፣ የማረቆ፣ የሐዋሳ ልጆች እንዳላችሁ ዐውቃለሁ፤ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁና ያጎደልኩትን ሙሉልኝ፣ የምታውቁትንም ጥሩ ቤት ለጎናችሁ ሰው ንገሩ። ስለ ልጆች አመጋገብም፣ ስለ መንገዱም ጥያቄ ያላችሁ እዚሁ ነኝ። በትዕግሥት ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።